የጥናት ዕቅድ ከመስኩ ቀድሞ ሲደመድም፦ በደወሌና በአካባቢው ስለሚታቀዱ ዓይነታዊ የትምህርት ጥናቶች

በትምህርት መስክ የሚካሄዱ ጥናቶች ደካማ ሆነው ሲገኙ ጥፋቱ ብዙውን ጊዜ የሚጣለው መረጃ በመሰብሰቡ ወይም በመተንተኑ ሥራ ላይ ነው። መላሾች በቂ መልስ አልሰጡም፣ መንገዱ አስቸጋሪ ነበር፣ ጊዜው አጠረ ይባላል። ይሁን እንጂ ሰነዶቹ ከመጀመሪያ ገጻቸው ጀምሮ በጥሞና ቢነበቡ አብዛኛው ጉድለት አጥኚው ገና ከቢሮው ሳይወጣ በዕቅዱ ላይ የተፈጸመ ሆኖ ይገኛል። በተለይም ዓይነታዊ ጥናት በሚባለው፣ ይኸውም ከመቁጠር ይልቅ የሰዎችን ኑሮ፣ ንግግርና አስተሳሰብ በቅርብ ተከታትሎ ለመረዳት በሚሞክረው የምርምር ዘርፍ ይህ ጉድለት ጎልቶ ይታያል። ምክንያቱም ዓይነታዊ ጥናት ብዙ ጊዜ የሚታቀደው እንደ መጠይቅ ጥናት ሆኖ፣ የመላሾቹ ቁጥር ብቻ ተቀንሶ ነው።

ነገሩን በተጨባጭ ለማየት በአንድ ቦታ ላይ መቆም ይጠቅማል። ደወሌ በሶማሌ ክልል ሰሜናዊ ጫፍ፣ ቀድሞ ሽንሌ ይባል በነበረው በሲቲ ዞን ውስጥ፣ በጅቡቲ ድንበር ላይ የምትገኝ የባቡርና የጉምሩክ ከተማ ናት። ከጅቡቲ የተነሣው የቀድሞው የምድር ባቡር ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ የደረሰው ይህንኑ በረሃ አቋርጦ ነው። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው በኤሌክትሪክ የሚሠራው ሐዲድም ከኢትዮጵያ የሚወጣው በዚህችው ከተማ በኩል ነው። ከክልሉ ርእሰ ከተማ ከጅግጅጋ ወደ ደወሌ የሚሄድ ሰው በሐረርና በድሬዳዋ ዞሮ ይመጣል፤ ከደወሌ እስከ ጅቡቲ ከተማ ያለው መንገድ ግን ከዚያ እጅግ ያነሰ ነው። የአካባቢው ነዋሪ በአብዛኛው የኢሳ ሶማሌ ሲሆን ኑሮው በግመል፣ በፍየልና በበግ እርባታ፣ እንዲሁም ድንበር ተሻጋሪ በሆነ ንግድ ላይ የተመሠረተ ነው።

እንግዲህ አንድ አጥኚ «በደወሌ አካባቢ የአርብቶ አደር ልጆች ትምህርት የሚያቋርጡበት ምክንያት» የሚል ርዕስ ይዞ ዕቅድ ያቀርባል እንበል። እንዲህ ያለ ርዕስ ከመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጆች ጠረጴዛ ላይ የሚጠፋበት ዓመት የለም። የዕቅዱ አካል ዘወትር አንድ ዓይነት ነው። በመግቢያው ስለ አርብቶ አደር ትምህርት አስፈላጊነት ሁለት ገጽ ይጻፋል፤ ቀጥሎ አሥራ ሁለት ቃለ መጠይቅ፣ ሁለት የቡድን ውይይት፣ አንድ የክፍል ውስጥ ምልከታ ይዘረዘራል፤ በመጨረሻም ለመስክ ሥራው ዐሥር ቀን ይመደባል። ሁሉም ነገር በየቦታው ያለ ይመስላል። የሚጎድለው ደወሌ ብቻ ነው። የከተማዋን ስም አውጥቶ በምትኩ ያቤሎን ወይም ሰመራን ቢያስገቡበት ከዕቅዱ አንድ ዐረፍተ ነገር እንኳ መለወጥ አያስፈልግም፤ ለዓይነታዊ ጥናት ዕቅድ ደግሞ ከዚህ የከፋ ምልክት አይኖርም።

ችግሩ የሚጀምረው ከርዕሱ ነው። «ማቋረጥ» የመዝገብ ቃል ነው። መምህሩ በመስከረም የመዘገበውን ልጅ በግንቦት ሲያጣው ከስሙ ፊት የሚያሰፍረው ምልክት ነው፤ ለመዝገቡ ዓላማም በቂ ነው። ለዓይነታዊ ጥናት ግን ይህ ቃል መነሻ ሳይሆን ድምዳሜ ነው። ልጁ ከመዝገቡ መጥፋቱ እንጂ መማር ማቆሙ ገና አልታወቀምና። በደወሌ ከመዝገብ የጠፋ ልጅ ግመል ተከትሎ የሄደ ሊሆን ይችላል። ድንበር ተሻግሮ አሊ ሳቢህ ወይም ጅቡቲ ከዘመድ ቤት ተቀምጦ በፈረንሳይኛ እየተማረ ሊሆን ይችላል። በቁርኣን ትምህርት ላይ ያለ፣ ወይም እናቱን በንግድ የሚረዳ ሊሆንም ይችላል። እነዚህን ሁሉ «አቋራጮች» ብሎ በአንድ ከረጢት የሚከት ዕቅድ አጥኚውን ምክንያት ፍለጋ ይልከዋል እንጂ ልጆቹን ፍለጋ አይልከውም።

ይህ ለትምህርት ዕቅድ አውጪዎች የቃላት ክርክር ብቻ አይደለም። ልጁ ከመንጋ ጋር የተጓዘ ከሆነ መፍትሔው ከመንጋው ጋር የሚንቀሳቀስ ወይም በውኃ ቦታዎች አጠገብ የሚቋቋም የአማራጭ መሠረታዊ ትምህርት ጣቢያ ሊሆን ይችላል። በጅቡቲ በመማር ላይ ያለ ከሆነ ግን የሚያስፈልገው ሲመለስ የተማረበትን ክፍል አመዛዝኖ የሚቀበለው ደንብ ነው እንጂ አዲስ ጣቢያ አይደለም። ጠዋት ጠዋት ቁርኣን የሚቀራ ከሆነ ደግሞ ምናልባት የሰዓት ሠሌዳን ማሸጋሸግ ብቻ ይበቃል። ሦስቱ ሦስት የተለያየ በጀት የሚጠይቁ ጉዳዮች ናቸው። ያልተለየ ጥያቄ ይዞ የሄደ ጥናት «የወላጆች ግንዛቤ ማነስ» የሚል መልስ ይዞ ይመለሳል፤ ይህ መልስ ከብዙ የጥናት ሰነዶች መደምደሚያ ላይ የሚገኝ ሲሆን የትምህርት ጽሕፈት ቤቶችም ግንዛቤ የማስጨበጫ ስብሰባ ከመጥራት በስተቀር የሚያደርጉት ነገር እንዳይኖራቸው ያደርጋል።

ቀጥሎ የሚመጣው የቋንቋ ጉዳይ ነው። በዕቅዶቹ ውስጥ ይህ ጉዳይ የሚሰጠው ቦታ «መጠይቁ ወደ ሶማሊኛ ይተረጎማል» የሚል አንድ መስመር ነው። የመጀመሪያው ጥያቄ «ልጅዎ ትምህርት ቤት ይሄዳል?» የሚል ነው እንበል። አስተርጓሚው «ትምህርት ቤት» የሚለውን ወደ ሶማሊኛ ሲመልሰው «ዱግሲ» ይለዋል። ትርጉሙ ስሕተት የለበትም፤ የመንግሥቱ ትምህርት ቤትም በሶማሊኛ ዱግሲ ተብሎ ይጻፋልና። ነገር ግን ይኸው ቃል ልጆች በእንጨት ሰሌዳ ላይ እየጻፉ ቁርኣን የሚማሩበትም ቦታ ስም ነው፤ በጥሬ ትርጉሙም ከነፋስ የሚያስጠልል ስፍራ ማለት ነው። ስለዚህ እናትየዋ «አዎን፣ ይሄዳል» ሲሉ እውነታቸውን ነው። አጥኚው በማስታወሻው ላይ «ይማራል» ብሎ ሲያሰፍርም የተነገረውን በታማኝነት መጻፉ ነው። በማግስቱ የትምህርት ቤቱ መዝገብ ሲገለጥ የልጁ ስም የለም። በዚህ ጊዜ «መላሾች ከእውነት የራቀ መልስ የመስጠት ዝንባሌ አላቸው» የሚል ዐረፍተ ነገር ይጻፋል። ማንም ሳይዋሽ አንዲት እናት እንደ ውሸታም ተመዘገቡ ማለት ነው።

እንዲህ ያለው መደናገር መስክ ላይ በብልሃት የሚታረም አይደለም። የሚታረመው ዕቅዱ ሲወጣ ነው፤ ይኸውም ጥያቄዎቹ በአማርኛ ተጽፈው ከመተርጎማቸው በፊት የአካባቢውን አነጋገር ከሚያውቅ ሰው ጋር በሶማሊኛ እንዲወጠኑ፣ ቃለ መጠይቆቹም በተነገሩበት ቋንቋ ተቀርጸውና ተጽፈው ትንተናው በዚያው ጽሑፍ ላይ እንዲካሄድ አስቀድሞ በመወሰን ነው። አስተርጓሚው በቦታው አሳጥሮ የሚያቀብለው የአማርኛ ጭማቂ የመላሹ ቃል ሳይሆን የአስተርጓሚው ማስታወሻ ነው። አስተርጓሚው ብዙ ጊዜ ከዚያው ትምህርት ቤት የሚወሰድ መምህር መሆኑ ደግሞ ሌላ ጥያቄ ያስነሣል። ስለ መምህሩ ትምህርት ቤት የሚጠየቁ ወላጅ መልሳቸውን የሚሰጡት በዚያው መምህር አፍ በኩል ነውና።

ስለ ማንበብና መጻፍ የሚቀርቡ ጥያቄዎችም እንዲሁ ናቸው። ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የተጀመረው ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በአሥራ አምስት ቋንቋዎች ሲካሄድ ሶማሊኛ አንዱ ነበር፤ የተጻፈውም እንደ ሌሎቹ ሁሉ በግዕዝ ፊደል ነበር። በሶማሊያ ደግሞ ከ1965 ዓ.ም. ጀምሮ ይኸው ቋንቋ በላቲን ፊደል እንዲጻፍ ተወስኖ ነበር። በኢትዮጵያም ከ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ወዲህ በሶማሌ ክልል ያሉ ልጆች በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው የሚማሩት በላቲኑ ነው። የቀድሞው የምድር ባቡር ኩባንያ የሥራ ቋንቋ ፈረንሳይኛ ነበር፤ ፈረንሳይኛ የጅቡቲም የትምህርት ቋንቋ ነው። የጉምሩኩ ወረቀት በአማርኛ ነው፤ የቁርኣኑ ሰሌዳ በዐረብኛ። በአንዲት ትንሽ ከተማ ውስጥ የሚነበበው ጽሑፍ ይህን ያህል ዓይነት ከሆነ «ማንበብና መጻፍ ይችላሉ?» የሚለው ጥያቄ በየትኛው ፊደል፣ ለምን ጉዳይ ተብሎ ካልተዘረዘረ በቀር የሚያስገኘው መልስ የለም። በአንድ ዕድሜ ላይ ያሉ አያት በግዕዝ ፊደል ስማቸውን ሊጽፉ፣ በዐረብኛው ሊጸልዩ፣ የልጅ ልጃቸውን ደብተር ግን ማንበብ ሊሳናቸው ይችላል። ያጥኚው ሠንጠረዥ ለእርሳቸው ያዘጋጀው አንድ ሣጥን ብቻ ነው። ለዓይነታዊ ጥናት ከዚህ የተሻለ መነሻ ጉዳይ አይገኝም ነበር፤ ዕቅዱ ግን እንደ መሰናክል ቆጥሮ ያልፈዋል።

የወቅቱ ምርጫ ሌላው ነው። ስለ ሶማሌ ወቅቶች ከመጻሕፍት ያነበበ አጥኚ በዕቅዱ ላይ «ጉ» እና «ደይር» የሚባሉትን የዝናብ ወራት ይጽፋል። እነዚህ በክልሉ ደቡብና ምሥራቅ የታወቁ ናቸው። በሲቲ ዞን ግን ከመጋቢት እስከ ግንቦት ከሚጥለው ዝናብ ቀጥሎ መንጋውን የሚያቆመው ከሐምሌ እስከ መስከረም የሚዘንበው «ካራን» የተባለው ነው፤ ወደ ባሕሩ ጠረፍ በኩል ደግሞ በብርድ ወራት «ሐይስ» የተባለ ካፊያ ስለሚጥል ወደዚያ የሚሰደድ አለ። «ጂላል» የተባለው ደረቅ ወቅት ከታኅሣሥ ጀምሮ እስከ መጋቢት ይዘልቃል። ይህን ከትምህርት ዘመን አቆጣጠር ጋር ጎን ለጎን ላስቀመጠ ሰው አንድ ነገር ወዲያው ይታየዋል። ሣርና ወተት ተገኝቶ ቤተሰብ በአንድ ቦታ በሚሰበሰብበት በካራን ወራት ትምህርት ቤቱ ዝግ ነው፤ ትምህርቱ በሚጠነክርበት በጂላል ወራት ቤተሰቡ በጉዞ ላይ ነው።

ከዚህ የባሰው ግን የአጥኚው የራሱ አቆጣጠር ነው። የኮሌጅ መምህር ለመስክ ሥራ የሚመቸው ወይ ክረምት ነው ወይ በጥር የሚገኘው የመንፈቅ ዓመት ዕረፍት። በክረምት ሲሄድ ልጆቹን ያገኛል፣ ትምህርት ቤቱን ግን አያገኝም። በጥር ሲሄድ ትምህርት ቤቱን ያገኛል፣ ልጆቹ ግን ሄደዋል። ዐሥሩን ቀን በአንዱ ላይ ብቻ ያዋለ ጥናት ግማሹን ነገር ብቻ አይቶ ይመለሳል፤ የትኛውን ግማሽ እንዳየ በሰነዱ ላይ የሚጽፍ ደግሞ ጥቂት ነው።

ወደ ማን እንደሚኬድም የሚወስነው ይኸው ነው። በሰሜን ሶማሌ አርብቶ አደሮች ዘንድ ግመሉ በወጣት ወንዶችና ከፍ ባሉ ልጆች እየተጠበቀ ሩቅ ሲሰማራ፣ ፍየልና በጉ ከሴቶችና ከትንንሽ ልጆች ጋር በሰፈሩ አቅራቢያ ይውላል። አጥኚው ከመኪና ወርዶ በእግር የሚደርስበት ሰፈር የፍየሉ ሰፈር ነው። ስለዚህ «የአርብቶ አደር ልጆች» ተብሎ የሚጻፈው ሁሉ በእውነቱ ስለ ልጃገረዶችና ስለ ሕፃናት ይሆናል፤ ግመል ጠባቂው ልጅ ሳይጠየቅ በስሙ ይደመደምበታል።

በዕቅዶቹ ሁሉ የማይቀረው «የቡድን ውይይት» ግን ለብቻው ሊታይ የሚገባው ነው። አሠራሩ ከውጭ አገር የምርምር መማሪያዎች የተወሰደ ሲሆን ዓላማው ሰዎች እርስ በርሳቸው ሲነጋገሩ የሐሳብ ልዩነታቸው እንዲወጣ ነው። አጥኚው ደወሌ ደርሶ ስምንት ወይም ዐሥር ሽማግሌዎች ከዛፍ ሥር እንዲሰበሰቡለት ይጠይቃል፤ ይሰበሰቡለታል። ነገር ግን በኢሳዎች ዘንድ ሽማግሌዎች ከዛፍ ሥር መሰብሰባቸው አስቀድሞ ስምና ሥርዓት ያለው ነገር ነው። «ሺር» ይባላል፤ የሚመራውም «ሔር» በተባለው ባልተጻፈ ሕግ ነው። በአፍ ሲወርድ የመጣው ትውፊት ይህን ሕግ ያወጡት አርባ አራት ሽማግሌዎች ናቸው ይላል። የጅቡቲው ተመራማሪ ዓሊ ሙሳ ኢዬ ስለዚሁ ሕግ የጻፉትን ሰፊ ጥናት በፈረንሳይኛ «የዛፉ ፍርድ» በሚል ስም አሳትመዋል። ኢትዮጵያ፣ ጅቡቲና ሶማሊያም በጋራ አቅርበውት በኅዳር 2017 ዓ.ም. በዩኔስኮ ከሰው ልጅ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ገብቷል።

የሺር ግብ ልዩነትን ማሳየት አይደለም፤ ከልዩነት ተነሥቶ ሁሉም የሚቆምበት አንድ ቃል ላይ መድረስ ነው። ንግግሩ ተራ አለው፤ የሚናገረውም ለወገኑ ሆኖ ነው የሚናገረው። አጥኚው በድምፅ መቅጃው ይዞ የሚመለሰው ስምምነት እንግዲህ የዐሥር ሰዎች አስተያየት ሳይሆን የአንድ ጉባኤ ውሳኔ ነው። ይህ ዋጋ የሌለው መረጃ አይደለም፤ እንዲያውም ትምህርት ቤት የት ይሠራ፣ ማን ይጠብቀው፣ ሴት ልጅ እስከ ስንት ዓመቷ ትማር የሚሉትን የሚወስነው ይኸው ጉባኤ ስለሆነ ለዕቅድ አውጪ እጅግ ጠቃሚ ነው። ስሕተቱ «ተወያዮቹ በሙሉ በአንድ ድምፅ እንደገለጹት» ብሎ የሕዝቡ አስተያየት አድርጎ ማቅረቡ ነው። በጉባኤው ያልተቀመጡት እናቶች፣ ወጣቶችና ልጆቹ ራሳቸው በሌላ ቦታ፣ በሌላ ሰዓት፣ በሌላ ሰው መጠየቅ አለባቸው። ከእናቶች ጋር የሚነጋገረው ሰው ሴት እንድትሆን የሚያስገድደው ልማድ ብቻ አይደለም፤ ጉዳዩም ነው። ፍየል ጠባቂዋ ልጅ ትምህርት ቤት ትሂድ የሚል ውሳኔ ከጉባኤው ቢወጣም ነገ ጠዋት ፍየሉን ማን ያሰማራዋል የሚለውን የሚያውቁት እናቲቱ ናቸውና።

ቃለ መጠይቅ በሶማሊኛ «ወረይሲ» ይባላል። የቃሉ ሥር «ዋር»፣ ወሬ ማለት ነው፤ የዘወትሩ ሰላምታም ወሬህን ንገረኝ እንደ ማለት ነው። ጎረቤቶቻቸው አፋሮች «ዳጉ» የሚሉት የወሬ ልውውጥ በኢትዮጵያ የታወቀ ነው። በዚህ ምድር ላይ የሚመጣ መንገደኛ መጀመሪያ ከወዴት እንደ መጣ፣ በመንገዱ ዝናብ መኖር አለመኖሩን፣ የገበያውን ዋጋ ይናገራል፤ ከዚያ በኋላ ይጠይቃል። ዕቅዱ ለአንድ ቃለ መጠይቅ አርባ አምስት ደቂቃ ሲመድብ ለመላሹ የተተወ ሰዓት ነው እንጂ አጥኚው የራሱን ወሬ የሚሰጥበት ሰዓት አይደለም። ወሬ ሳይሰጥ የሚጠይቅ ሰው በሌላው አገር የማያውቅ እንግዳ ሊባል ይችላል። በድንበር ከተማ ግን ሌላ ስም አለው።

ይህ ሌላ ስም ለደወሌ ቀላል ነገር አይደለም። ከተማዋ የጉምሩክ መቆጣጠሪያ ያለባት ናት፤ ከነዋሪው የዕለት ኑሮም ቀላል የማይባለው ክፍል ዕቃ ከዚያ ወደዚህ በማሻገር ላይ ያለ ነው። ደብተር ይዞ ከቤት ወደ ቤት እየዞረ ስንት ልጅ፣ ስንት ፍየል፣ ገቢዎ ከምን ነው እያለ የሚጠይቅ ሰው በሕዝቡ ዓይን ወይ ቀረጥ ሰብሳቢ ነው ወይ እርዳታ አከፋፋይ። ለመጀመሪያው ከብቱ ያንሳል፣ ለሁለተኛው ልጁ ይበዛል። የትምህርት ሚኒስቴር ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ከአዲስ አበባ ወደ ጅግጅጋ፣ ከዚያ ወደ ዞኑ፣ ከዚያ ወደ ወረዳው ሲተላለፍ በሩን ይከፍት ይሆናል፤ አንደበትን ግን አይከፍትም። ከዚህ ሌላ መላሽ በእምነት የተናገረው ነገር ሊጎዳው የሚችል መሆኑ በዕቅዱ ላይ መታሰብ አለበት። በትንሽ ከተማ ውስጥ «አንዲት ሦስት ልጆች ያሏት የወተት ነጋዴ» ብሎ መጻፍ ስም ከመጥራት የሚለይ አይደለም። አጥኚው ምን እንደሚጽፍ ብቻ ሳይሆን ምን እንደማይጽፍም ከመሄዱ በፊት ሊወስን ይገባል። በተለይ ልጁ ከትምህርት ቀርቶ በምን ዓይነት ንግድ ላይ እንዳለ የሚገልጽ ዝርዝር ለጥናቱ ይጠቅም እንደሆነ ተመዝኖ፣ የማይጠቅም ከሆነ ከማስታወሻውም ጭምር መቅረት ያለበት ነው።

ስለ መላሾች ቁጥር ብዙ ማለት አያስፈልግም። ግሌዘርና ስትራውስ የተባሉት አሜሪካውያን የኅብረተሰብ ሳይንስ ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1967 ባሳተሙት መጽሐፋቸው አጥኚው መጠየቁን የሚያቆመው አዲስ ሰው አዲስ ነገር መጨመሩን ሲያቆም ነው የሚለውን ሐሳብ አስፋፍተዋል። ዛሬ በየዕቅዱ «በአሥራ ሁለት ቃለ መጠይቅ መረጃው ይሞላል» ተብሎ ይጻፋል። አለመሙላቱን ለማወቅ መሄድ የሚያስፈልገውን ነገር ሳይሄዱ መወሰን ሐሳቡን ወስዶ ትርጉሙን መተው ነው።

ረጅም ጊዜ መቀመጥም ብቻውን ዋስትና አይሆንም። አይ. ኤም. ሉዊስ እ.ኤ.አ. ከ1955 እስከ 1957 በያኔው የእንግሊዝ ሶማሊላንድ ባካሄዱት የመስክ ሥራ ላይ ተመሥርተው በ1961 ያሳተሙት ስለ ሰሜን ሶማሌ አርብቶ አደሮች ፖለቲካዊ አኗኗር የተጻፈው መጽሐፍ እስከ ዛሬ ድረስ የመስኩ መሠረት ነው። የግመሉንና የፍየሉን ሰፈር ልዩነት፣ የዘር ሐረግንና የሔርን ትስስር እንደ እርሱ ያብራራ ሥራ ማግኘት አስቸጋሪ ነው። ነገር ግን ጥያቄው የጎሳና የፖለቲካ ጥያቄ ስለነበረ አብዛኛው ተናጋሪ ጎልማሳ ወንድ ነው። አንድ ልጅ እንዴት እንደሚማር፣ እናት ምን እንደምታስተምር ለማወቅ የሚያነበው ሰው የሚያገኘው ጥቂት ነው። ይህ የደራሲው ድክመት ከመሆኑ ይልቅ የጥያቄው ውጤት ነው። ድክመት የሚሆነው መጽሐፉን ያነበበ የዛሬ የትምህርት አጥኚ ያንኑ የመላሾች ዝርዝር ለራሱ ጥያቄ ሲገለብጥ ነው።

ጥናቱን ማን ያነበዋል፣ ማንስ ይሰማዋል የሚለውም በዕቅድ ጊዜ የሚመለስ ጥያቄ ነው። በ1964 ዓ.ም. የተካሄደው የትምህርት ዘርፍ ግምገማ ብዙ ባለሙያዎች የተሳተፉበትና በርካታ አስተዋይ ሐሳቦች የያዘ ሥራ ነበር፤ መምህራኑና ወላጆች ግን ስለ ይዘቱ የሰሙት ውሳኔው ሊፈጸም ሲል ነው። በ1966 ዓ.ም. የመምህራን አድማ ከተቀሰቀሰባቸው ምክንያቶች አንዱ ይኸው ሆኖ ዕቅዱ ተሠረዘ። የደወሌ ጥናት በስፋቱ ከዚያ ጋር የሚነጻጸር አይደለም። ቢሆንም ሽማግሌዎቹ «እናንተ የምትወስዱት ወሬ ተመልሶ አይመጣም» እያሉ የሚያነሡት ቅሬታ በመሠረቱ አንድ ነው።

በዚህ ላይ ዕቅድ አጽዳቂ ኮሚቴዎች የሚያቀርቡት መልስ አለ፤ ተገቢም ነው። ገንዘብ የሚፈቀደው ለታወቀ ሥራ እንጂ «ደርሼ አየዋለሁ» ለሚል አጥኚ አይደለም። ሆኖም ልቅ ሆኖ መሄድና አስቀድሞ ደምድሞ መሄድ ብቻ አይደሉም ያሉት ምርጫዎች። ዕቅዱ ሁለት ክፍል ቢኖረው ኮሚቴውም አጥኚውም ይጠቀማሉ። የመጀመሪያው ክፍል አጭር ጉዞ ነው፤ በትምህርት ወራት ደወሌ ሄዶ ከመዝገብ የጠፉትን የአንድ ክፍል ልጆች ስም ይዞ እያንዳንዱ የት እንዳለ ብቻ መጠየቅ ነው። ይህን ሥራ ከማንም በተሻለ ሊሠራው የሚችለው እዚያው የሚያስተምረው መምህር ነው፤ ልጆቹን በስም፣ አባቶቻቸውን በዘር ሐረግ፣ የውኃ ቦታውን በመንገድ ያውቃልና። መምህሩ በዕቅዶቹ ውስጥ ዘወትር መላሽ ወይም አስተርጓሚ እየሆነ የሚገባው አጥኚ መሆን ስለማይችል ሳይሆን የአበል ደንቡ ስለማያውቀው ነው። ሥራው ደግሞ ሚዛናዊ የሚሆነው የመዝገቡን ፍለጋ መምህሩ፣ ስለ ትምህርት ቤቱ ለወላጆች የሚቀርበውን ጥያቄ ግን ሌላ ሰው ሲይዘው ነው። ሁለተኛው ክፍል ጥያቄው ከዚያ በተገኘው መሠረት ተስተካክሎ፣ የመላሾቹ ዓይነት እንጂ ቁጥራቸው ሳይቆረጥ የሚጻፍ ነው። ኮሚቴው ሊያጸድቀው የሚችለው የገንዘብ ጣሪያ፣ የጊዜ ገደብና የማይጻፉ ነገሮች ዝርዝር ይኖረዋል፤ ጥያቄው ብቻ ክፍት ይሆናል።

ሁለተኛው ጉዞ ከሐምሌ እስከ መስከረም ባለው የካራን ወር ላይ ቢውል ቤተሰቦቹ ተሰብስበው ይገኛሉ፤ በመጀመሪያው ጉዞ የተጻፈውም በሶማሊኛ ተነቦላቸው «እንዲህ አላልንም» የሚሉት ይታረማል። ለዚህ ንባብ ሦስት ቀን፣ ለመኪናው ነዳጅ፣ ለመምህሩ አበልና ለጉባኤው ሻይና ስኳር የሚያስፈልገው ወጪ «ልዩ ልዩ» በሚለው ርእስ ሥር ከተደበቀ በበጀት ቅነሳ ጊዜ መጀመሪያ የሚሠረዘው እርሱ ስለሚሆን በሠንጠረዡ ውስጥ የራሱ ረድፍ ተሰጥቶት መግባት ይኖርበታል።